ክሩን የሚቆልፈው ጊታር፦ ሎኪንግ ትሬሞሎ ከመግዛታችሁ በፊት

ኤሌክትሪክ ጊታር ሊገዛ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቀለሙንና ስሙን ነው። ትንሽ የገባው ደግሞ የክሩን ድምፅ ስለሚቀበለው ፒክአፕ ይጠይቃል። ክሮቹ የሚያርፉበት ብረት፣ ብሪጁ፣ ትዝ የሚለው ገዝቶ ቤት ከገባ በኋላ ነው። ሎኪንግ ትሬሞሎ፣ ማለትም ክሩን በሁለቱም ጫፍ የሚቆልፍ ተንቀሳቃሽ ብሪጅ፣ ያለው ጊታር ላይ ግን ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። እዚህ ጊታር ላይ ዋናው ዕቃ ብሪጁ ነው። ክር ለመቀየር ስንት ሰዓት እንደሚፈጅባችሁ የሚወስነው እሱ ነው። መድረክ ላይ ክር ቢበጠስ ዘፈኑን መጨረስ አለመጨረሳችሁንም እሱ ይወስናል።

ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር። ሎኪንግ ትሬሞሎ ድንቅ ፈጠራ ነው፤ ለሚያስፈልገው ሰው ምትክ የለውም። ለማያስፈልገው ሰው ግን ራስ ምታት ነው። ስለዚህ "የትኛውን ልግዛ?" ከማለታችሁ በፊት "ለምጫወተው ሙዚቃ ያስፈልገኛል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ አዎ ከሆነ ደግሞ ገንዘባችሁን ለብሪጁ ብረት አውሉት። ቀለም ምንም ቢያምር የተበላ ብረት አይጠግንም።

ችግሩ ምን ነበር?

ትሬሞሎ በቀኝ እጅ የሚያዝ ዘንግ ያለው ተንቀሳቃሽ ብሪጅ ነው። ዘንጉን ወደ ጊታሩ ስትጫኑት ክሮቹ ይላላሉ፤ ድምፁ ይወርዳል። ስትለቁት ይመለሳል። ሊዮ ፌንደር በ1954 እ.ኤ.አ. ስትራቶካስተር የሚባለውን ጊታር ሲያወጣ እንዲህ ዓይነት ብሪጅ ገጥሞለት ነበር። ብሪጁ ከፊት በስድስት ብሎኖች ተይዞ ይወዛወዛል። ከጀርባ ደግሞ ሞላዎች ወደ ቦታው ይመልሱታል። ድምፁን በስሱ ለማርገብገብ ዛሬም ግሩም ነው።

ዘንጉን እስከ መጨረሻው ለሚጫን ሰው ግን አልበቃም። ታዋቂው ጊታሪስት ጂሚ ሄንድሪክስ መድረክ ላይ በየመሃሉ ጊታሩን መልሶ ሲቃኝ ይታይ ነበር። ምክንያቱ የእሱ እጅ አልነበረም። ክሩ ከመቃኛው ቁልፍ ተነስቶ፣ አንገቱ ጫፍ ላይ ባለው ነት ቦይ ውስጥ አልፎ፣ ብሪጁ ላይ ያርፋል። ዘንጉ ሲጫን ክሩ ይላላና በነቱ ቦይ ውስጥ ይንሸራተታል። ተመልሶ ሲጠብቅ ሰበቃ ይይዘውና በትክክል የነበረበት ቦታ ላይ አይደርስም። መቃኛው ቁልፍ ላይ የተጠቀለለው ክርም እንዲሁ ላልቶ ሲጠብቅ አቀማመጡ ይለወጣል። ልዩነቱ ከሚሊሜትር በታች ነው። ጆሮ ግን ወዲያው ይሰማዋል።

አሜሪካዊው ፍሎይድ ሮዝ በሮክ ባንድ ውስጥ የሚጫወት ጊታሪስት ነበር። ጌጣጌጥም ይሠራ ስለነበር ትንንሽ ብረት መሞረድና መግጠም ያውቅበታል። በ1976 ገደማ ችግሩን ከሥሩ ያዘው። ክሩ የሚንሸራተት ከሆነ መንሸራተቻውን ማጥፋት ነው አለ። በሦስት ትናንሽ ብረቶች ክሮቹን ሁለት ሁለት አድርጎ የሚጨብጥ ነት ሠራ። የመጀመሪያው ከናስ ነበር፤ ናሱ ሲበላበት ወደ ጠንካራ ብረት ተሻገረ። ከዚያ ብሪጁ ላይም እያንዳንዱን ክር በብሎን አጥብቆ አሰረው። የፈጠራ መብቱን በ1979 አገኘ።

አሁን ክሩ በሁለቱም ጫፍ ተቆልፏል። ከነቱ በላይ ያለው ክር የፈለገውን ቢሆን ከነቱ በታች ያለውን አይነካም። ግን አዲስ ጣጣ መጣ። ነቱ ከተቆለፈ መቃኛ ቁልፎቹ ሥራ ፈት ናቸው። ክሩ በሙቀት ትንሽ ቢወርድ መቆለፊያውን ፈትቶ እንደገና መቃኘት ግድ ነበር። ብሪጁ ላይ በጣት የሚዞሩ ትናንሽ መቃኛዎች የተጨመሩት ለዚህ ነው። ፋይን ቲዩነር ይባላሉ። የሮክ ጊታሪስቱ ኤዲ ቫን ሄለን ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች አንዱ ነበር። በ1980ዎቹ የክሬመር ጊታሮች ብሪጁን ይዘው ወጡ፤ የሮክ ጊታር መልክም በዚያው ተለወጠ።

ሚዛኑ ካልገባችሁ ምንም አይገባችሁም

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሌላው ነገር ሁሉ የሚከተለው ከዚህ ነው።

ብሪጁ የቆመው በሁለት ምሰሶዎች ላይ ብቻ ነው። እነሱንም የሚነካው በሁለት ስለቶች ነው። ከፊት ስድስቱ ክሮች ወደ አንገቱ ይጎትቱታል። ከጀርባ ደግሞ ቦዲው (የጊታሩ አካል) ውስጥ በተቦረቦረ ክፍተት የተዘረጉ ሞላዎች በተቃራኒው ይጎትቱታል። ገመድ ጉተታ ላይ ሁለቱ ቡድኖች እኩል ሲሆኑ ገመዱ ባለበት እንደሚቆም፣ ብሪጁም ባለበት ይቆማል። በዚህ ሁኔታ ወደ ታችም ወደ ላይም መንቀሳቀስ ይችላል። ተንሳፋፊ የሚባለው ለዚህ ነው።

ጉተታው ቀላል አይደለም። ከነቱ እስከ ብሪጁ ያለው ርዝመት 64.8 ሴንቲሜትር በሆነ ጊታር ላይ፣ በውፍረት ቁጥሩ ከ9 እስከ 42 የሚባለው ቀጭን የክር ስብስብ በተለመደው ቅኝት በድምሩ ወደ 38 ኪሎ ይጎትታል። ከ10 እስከ 46 የሚባለው ደግሞ ወደ 47 ኪሎ ይደርሳል። "ትንሽ ወፈር ያለ ክር ልሞክር" ያለ ሰው ሳያውቀው በአንድ ወገን 9 ኪሎ ያህል ጨመረ ማለት ነው። ብሪጁ ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ክሮቹ አንገቱ ላይ ካሉት ቀጫጭን ብረቶች፣ ከፍሬቱ፣ ይርቃሉ፤ የጊታሩ አያያዝ ሁሉ ይበላሻል። ሞላዎቹን ካላጠበቃችሁ ወይም አንድ ሞላ ካልጨመራችሁ አይስተካከልም።

ክር ሲበጠስ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ክሮቹ አንድ ሰው አጡ፤ ሞላዎቹ ያሸንፋሉ። የቀሩት አምስት ክሮች በሙሉ ከቅኝታቸው በላይ ይወጣሉ። ብሪጁ የማይንቀሳቀስበት ጊታር ላይ አንድ ክር ቢበጠስ በአምስቱ ዘፈኑን ታጠናቅቃላችሁ። እዚህ ግን ሁለተኛ ጊታር ካልያዛችሁ ቆማችሁ ታያላችሁ።

ቅኝት መለወጥም እንዲሁ ነው። ወፍራሙን ኢ ክር ወደ ዲ ማውረድ ለብዙ ሮክ ተጫዋች የአምስት ሰከንድ ሥራ ነው። ተንሳፋፊ ብሪጅ ላይ ግን አንዱን ስታወርዱ ጉተታው ይቀንስና ሌሎቹ አምስቱ ከፍ ይላሉ። እነሱን ስታወርዱ ያ ደግሞ ይንቀሳቀሳል። ፋይን ቲዩነሮቹም ርቀታቸው አጭር ስለሆነ ነቱን መፍታት ግድ ይሆናል። በሁለት ዘፈኖች መሃል የሚሠራ ነገር አይደለም።

በሠርግ፣ በክለብ ወይም በመዝሙር አገልግሎት ላይ የምትጫወቱ ይህን ልብ በሉ። ድምፃዊው "ዛሬ ድምፄ ልክ አይደለም፣ ግማሽ አውርዱልኝ" ቢል ኪቦርዱ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ይገላገላል። ባለ ሎኪንግ ትሬሞሎው ጊታሪስት ግን ክሩን ማውረድ አይችልም። ሁሉንም ኮርድ በአእምሮው አዛውሮ በሌላ ቦታ መያዝ አለበት። ለሚችል ሰው ጥሩ ልምምድ ነው፤ ገና ለሚማር ግን መድረክ ላይ ያስጨንቃል።

ቤንድ የሚባለውን ደግሞ ለብቻው አያለሁ፤ የሚያናድደኝ እሱ ነውና። ክሩን በጣታችሁ ገፍታችሁ ድምፁን ከፍ ስታደርጉ ጉተታው ይጨምራል። ተንሳፋፊው ብሪጅ ደግሞ በዚያው ልክ ወደ ፊት ይሰጣል። ስለዚህ አንደኛ፣ የምትፈልጉት ድምፅ ላይ ለመድረስ ክሩን ከወትሮው የበለጠ መግፋት አለባችሁ። ሁለተኛ፣ ሌሎቹ ክሮች በሙሉ ትንሽ ይወርዳሉ። ክሩን ብቻውን ስትጫወቱ አይታወቅም። አሁን ትዝታ ወይም አምባሰል እየተጫወታችሁ አንዱን ድምፅ ይዛችሁ ሌላውን በቤንድ ወደ እሱ ለማምጣት ሞክሩ። ወደ ላይ የምትገፉት ሲደርስ የያዛችሁት ወርዷል። ሁለቱ አይገናኙም። ቅኝታችን አምስት ድምፅ ብቻ ስለሆነ የወረደው ድምፅ መደበቂያ የለውም። የአገራችንን ዜማ በሊድ ጊታር ማዜም ዋና ሥራው የሆነ ሰው ይህን ሞክሮ ካላየ በቀር ተንሳፋፊ ብሪጅ አይግዛ እላለሁ።

ታዲያ ለማን ነው?

ሮክ፣ ሜታል ወይም ፊውዥን የሚጫወትና ዘንጉን የአጨዋወቱ አካል ያደረገ ሰው ነው ባለቤቱ። ክሮቹ ልል እስኪሉ ድረስ ተጭኖ መልቀቅ፣ ሃርሞኒክ አውጥቶ ወደ ላይ ማስጮህ፣ ሙሉ ኮርድን በአንድ ጊዜ ማንቀጥቀጥ፣ ይህን ሁሉ አድርጎ ወደሚቀጥለው ኮርድ በትክክለኛ ቅኝት መመለስ። ይህንን በሌላ ብሪጅ በእርግጠኝነት ማድረግ አይቻልም። ጊታሪስቶቹ ስቲቭ ቫይ፣ ጆ ሳትሪያኒና ኪርክ ሃሜት በዚህ ብሪጅ የተጫወቱት ያለ ምክንያት አይደለም። የቫይ የኢባኔዝ ጄም ጊታር በ1987 ሲወጣ ዘንጉን ወደ ላይ የበለጠ እንዲስብ ብሪጁ ሥር ያለው እንጨት ተቦርቡሮለት ነበር።

ዘንጉን የምትፈልጉት ለስለስ ላለ እርግብግብታ ብቻ ከሆነ ግን በሁለት ምሰሶ ላይ የቆመ የተለመደ ትሬሞሎ፣ ክሩን የሚቆልፉ መቃኛ ቁልፎችና በደንብ የተሠራ ነት ይበቃችኋል። ክር መቀየሩ ቀላል ነው። ቅኝት መለወጡም ያን ያህል አያስቸግርም። ገና ለጀመረ ሰውም ምክሬ ይኸው ወይም ጭራሽ የማይንቀሳቀስ ብሪጅ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ጊዜያችሁ በልምምድ እንጂ በሞላ ማስተካከል ማለቅ የለበትም።

መሃል መንገድም አለ

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ሎኪንግ ትሬሞሎ የግድ መንሳፈፍ የለበትም። ብሪጁ ቦዲው ላይ ተደግፎ እንዲያርፍ ተደርጎ ሊስተካከል ይችላል። ያኔ ሞላዎቹ ከክሮቹ ትንሽ ይጠነክራሉ። ብሪጁ ወደ ታች ብቻ ይሄዳል፤ ወደ ላይ አይሳብም። ኤዲ ቫን ሄለን የሚመርጠው እንዲህ ያለውን ነበር። በስሙ የሚወጡት ኢ.ቪ.ኤች. ዎልፍጋንግ ጊታሮችም በዚሁ መንገድ ተሠርተዋል።

የሚቀርባችሁ አንድ ነገር ነው፦ ድምፁን በዘንግ ወደ ላይ መሳብ። የምታገኙት ግን ብዙ ነው። ሁለቱም መቆለፊያዎች አሉ፤ ስለዚህ ቅኝቱ ይጸናል። ቤንድ ስታደርጉ ሌሎቹ ክሮች ባሉበት ይቆያሉ። ክር ቢበጠስ የቀሩት አይንቀሳቀሱም። መዳፋችሁን ብሪጁ ላይ አሳርፋችሁ ስትጫወቱም ድምፁ አይወላገድም። ዲ-ቱና የምትባል ትንሽ ዕቃም ትገጠማለች። ጎተት ስታደርጓት ወፍራሙን ኢ ክር ወደ ዲ ታወርደዋለች፤ ስትገፏት ትመልሰዋለች። ተንሳፋፊ ብሪጅ ላይ ግን ሚዛኑን ስለምታዛባ በአግባቡ አትሠራም።

የተለያየ ዓይነት ሙዚቃ የምትጫወቱ ከሆነ የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ሳላመነታ እላችኋለሁ።

ያያችሁት ጊታር ብሪጁ ሥር የተቦረቦረ ቢሆንስ? ብሪጁ የሚደገፍበት እንጨት የለም ማለት ነው። መፍትሔው ከጀርባ ነው። ክዳኑን ከፍታችሁ ሞላዎቹ ባሉበት በኩል፣ በብሪጁ ብሎክ (ሞላዎቹ በሚያያዙበት ከሥሩ ያለ ብረት) እና በእንጨቱ ግድግዳ መካከል በልኩ የተቆረጠ እንጨት ታስገባላችሁ። ብሪጁ ወደ ኋላ መሄድ ያቆማል፤ ወደ ታች ግን ይሠራል። በሁለቱም በኩል እንጨት ካስገባችሁ ደግሞ የማይንቀሳቀስ ብሪጅ ይሆናል። ቦዲው አይቆረጥም፤ በማንኛውም ጊዜ ታወጡታላችሁ።

ስሙን ሳይሆን ብረቱን

"ፍሎይድ ሮዝ አለው" የሚባል ጊታር ሁሉ እኩል አይደለም። ከላይ ኦሪጅናል የሚባለው አለ። ጠንካራ ብረት ነው፤ በደንብ ከተያዘ ለብዙ ዓመት ያገለግላል። 1000 የሚባለው ተከታታይ በዚያው ንድፍ ኮሪያ ውስጥ የሚሠራ ነው፤ ብዙ የመካከለኛ ዋጋ ጊታሮች ላይ ታገኙታላችሁ። ስፔሻል የሚባለው ዋጋ ለመቀነስ ክር የሚይዙት ሳድሎችና ከሥር ያለው ብሎክ ከዚንክ ቅይጥ የተሠሩለት ነው። ይሠራል። ብሎኖቹን ያለ ልክ ካጠበቃችሁ ግን የሚጎዳው ከሌሎቹ ቀድሞ ነው። ጥሩ ጎኑ በአብዛኛው ልኩ ከኦሪጅናሉ ጋር አንድ መሆኑ ነው። ገንዘብ ሲገኝ እንጨት ሳትቆርጡ ትቀይሩታላችሁ።

ከዚያ "ላይሰንስድ" ተብሎ የተጻፈበት ይመጣል። ይህ ጽሑፍ አምራቹ ንድፉን ለመጠቀም ፈቃድ እንዳለው ብቻ ነው የሚነግራችሁ። ስለ ብረቱ ጥራት የሚለው ነገር የለም። ከነዚህ መካከል በጣም ጥሩም በጣም መጥፎም አለ። የጃፓኑ ጎቶና የጀርመኑ ሻለር የሚሠሯቸው ከኦሪጅናሉ ጎን የሚቆሙ ናቸው። የኢባኔዝ ኤጅና ሎ-ፕሮ ኤጅም በጥንካሬያቸው የታወቁ ናቸው። በሌላ በኩል ስም የሌለው፣ ከለስላሳ ቅይጥ የተቀረጸ ርካሽ ብሪጅ አለ። አዲስ ሲሆን ያታልላል። ስለቶቹ ምሰሶውን እየተፋተጉ ሲዶለድሙ ግን ብሪጁ ወደ ቦታው መመለስ ያቆማል። ያን ጊዜ ሁለት መቆለፊያ ቢኖረውም ጥቅም የለውም። ልኩም ለየት ያለ ስለሚሆን መቀየሩ ከባድ ነው።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። የሚያብረቀርቅ አዲስ ጊታር በርካሽ ብሪጅ ከምትገዙ፣ ጭረት ያለው አሮጌ ጊታር በጥሩ ብሪጅ ግዙ። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ ጃፓን ውስጥ የተሠሩት የኢባኔዝ አር.ጂ. ጊታሮች ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። በጀታችሁ ለጥሩ ብሪጅ ካልደረሰ ደግሞ ሎኪንግ ትሬሞሎውን ትታችሁ በዚያው ገንዘብ የማይንቀሳቀስ ብሪጅ ያለው የተሻለ ጊታር ግዙ። ስለ እንጨቱና ስለ ፒክአፑ ብዙ አልልም። ፒክአፕ ይቀየራል። እንጨቱን በተመለከተ አንገቱ ቀጥ ያለና ለእጃችሁ የሚመች ከሆነ ይበቃል።

ጊታሩን በእጃችሁ ስትይዙ

አሮጌም ይሁን አዲስ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ሩብ ሰዓት ውሰዱ። ሻጩ ቢቸኩል እናንተ አትቸኩሉ።

መጀመሪያ ጊታሩን ወደ ጎን አዙራችሁ ብሪጁን በዓይናችሁ ልክ እዩት። ሥሩ ያለው ብረት ከቦዲው ጋር ትይዩ መሆን አለበት። ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ካዘነበለ ሚዛኑ ተበላሽቷል። ይህ በራሱ መጥፎ ጊታር አያደርገውም፤ በማስተካከል ይመለሳል። ግን ሻጩ ጊታሩን አለመንከባከቡን ከዚህ ትረዳላችሁ።

ቀጥሎ የስልካችሁን መብራት አብርታችሁ ስለቶቹ ምሰሶውን የሚነኩበትን ቦታ ተመልከቱ። ስለቱ ጥርት ያለ መሆን አለበት። የተጎረደ ወይም የተደፈጠጠ ከሆነ ዋጋውን ከብሪጅ መግዣ ጋር ደምራችሁ አስቡ። ምሰሶዎቹ የገቡበት እንጨት ላይ በተለይ ወደ ፒክአፑ በኩል ስንጥቅ ፈልጉ። እዚያ ስንጥቅ ካለ ጊታሩን መልሱ። ያ ሁሉ ኪሎ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። አንገቱ ከነቱ በስተጀርባ ተሰንጥቆ ከሆነም እንዲሁ።

አሁን ዋናው ፈተና። ስልክ ላይ ያለ ቱነር (ቅኝት የሚያሳይ መተግበሪያ) ይበቃል። ሁሉንም ክሮች በፋይን ቲዩነሩ በትክክል ቃኙ። ዘንጉን ቀስ ብላችሁ ክሮቹ ልል እስኪሉ ድረስ ተጫኑት፤ ከዚያ ሳትወረውሩት ወደ ቦታው መልሱት። ክሮቹን አንድ በአንድ መቱና ቱነሩን እዩ። ጥሩ ብሪጅ ያው የነበረበት ላይ ነው የሚቆመው። ቀጥሎ ዘንጉን ወደ ላይ ስባችሁ ልቀቁና እንደገና እዩ። ተጭናችሁ ስትለቁ አንድ ቦታ፣ ስባችሁ ስትለቁ ሌላ ቦታ የሚቆም ከሆነ ስለቶቹ ወይም ምሰሶዎቹ ተበልተዋል። አንድ ክር ብቻ ከሆነ የሚስተው ግን ችግሩ መቆለፊያው ላይ ሊሆን ስለሚችል ይህ ይስተካከላል። ክሩ አዲስ ከሆነም በደንብ ሳይሳብ ተቆልፎ ይሆናልና ፈተናውን ከመድገማችሁ በፊት ይህን ጠይቁ።

በመጨረሻ ብሎኖቹን እዩ። ነቱ ላይ ያሉት የሦስቱ ብሎኖች ራስ የተበላ ከሆነ ቀድሞ የያዘው ሰው ያለ ልክ ሲያጠብቅ ኖሯል። ብሪጁ ላይ ያሉትንም እንዲሁ እዩ። ዘንጉ በቦታው ገብቶ ሲያዝ መንገጫገጭ የለበትም። ብዙዎቹ ላይ ይህ በቀላሉ ይጠብቃል።

ክር ስትቀይሩ

የመጀመሪያው ሕግ፣ ነቱን ሳትፈቱ መቃኛ ቁልፍ አትንኩ። ነቱ ተቆልፎ ቁልፉን ብታዞሩ ድምፁ አይለወጥም። እናንተ ስታጠብቁ ከነቱ በላይ ያለው ክር እዚያው ይበጠሳል።

ሁለተኛው፣ ስድስቱንም ክር በአንድ ጊዜ አታውጡ። ሚዛኑ ይፈርሳል፣ ብሪጁ ወደ ክፍተቱ ይሰምጣል። አንድ አውጥታችሁ አንድ አስገቡ። ፍሬቱን ለማጽዳት ሁሉንም ማውጣት ካለባችሁ ግን አስቀድማችሁ ብሪጁ ሥር የታጠፈ ጨርቅ ደግፉበት።

የክሩ ጫፍ ላይ ያለችውን ክብ ናስ በመቁረጫ ፒንሳ ቁረጡ። የተቆረጠውን ጫፍ ሳድሉ ውስጥ እስከ ታች አስገብታችሁ በ3 ሚሊሜትር አለን ቁልፍ አጥብቁ። በልክ ይሁን። ቁልፉን አጭር ጎኑን ይዛችሁ ብታጠብቁ እጃችሁ ከመጠን በላይ ጉልበት አያገኝም። ከዚያ ፋይን ቲዩነሮቹን በሙሉ መሃል ላይ አድርጉ፤ በኋላ ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ቦታ እንዲኖራችሁ ነው። በመቃኛ ቁልፉ ቃኙ። ክሩን በእጃችሁ ሳብ ሳብ አድርጉና እንደገና ቃኙ። መውረድ እስኪያቆም ድረስ ድገሙት። አንዱን ስትቃኙ ሌሎቹ ስለሚንቀሳቀሱ ዞራችሁ ዞራችሁ ትመለሳላችሁ። ትዕግሥት የሚጠይቀው እዚህ ነው። ሁሉም ሲረጋ ነቱን ቆልፉ። ስትቆልፉ ድምፁ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ያችን በፋይን ቲዩነር ታወርዷታላችሁ።

የክር ውፍረት ካልቀየራችሁ ብሪጁ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ከቀየራችሁ ግን ከጀርባ ሞላዎቹን የያዘውን ብረት በካቻቢቴ ትነካላችሁ። ብሪጁ ወደ ፊት ካዘነበለ ሁለቱን ብሎኖች በሩብ ዙር በሩብ ዙር አጥብቁና መልሳችሁ ቃኙ። ወደ ኋላ ከሰመጠ አላሉ። የክሮቹን ከፍታ ለመለወጥ ምሰሶዎቹን ማዞር ካስፈለገ ደግሞ መጀመሪያ ክሮቹን አላሉ። ሙሉ ጉተታ ላይ እያለ ምሰሶ ማዞር ስለቱን ይሞርደዋል። በበጋ አየሩ ሲደርቅና በክረምት ሲረጥብ የእንጨቱ አንገት ትንሽ ስለሚንቀሳቀስ፣ ወቅት ሲቀየር ብሪጁን በጎን ማየት ልማድ ይሁን።

ጊታሩ ከውጭ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣላችሁ ከሆነ መልእክቱ ላይ እነዚህንም ጨምሩ። 3 እና 2.5 ሚሊሜትር አለን ቁልፎች፣ ሁለት ትርፍ ሞላ፣ ሳድሉ ውስጥ ክሩን የሚጨብጡት ትናንሽ የብረት ኩቦች፣ እነሱን የሚያጠብቁት ረጃጅም ብሎኖች፣ የነቱ ሦስት ብሎኖች፣ እንዲሁም አንድ ዓይነት ውፍረት ያላቸው በርከት ያሉ ክሮች። በተለይ ኩቦቹ ክር ስትቀይሩ ወድቀው የሚጠፉ ናቸው። ክብደታቸው ምንም አይደለም፤ እዚህ ማግኘት ግን ቀላል አይሆንም። የብሪጁንም ሞዴል ስም በትክክል ጻፉላቸው፤ የአንዱ ብሎን ለሌላው ላይገጥም ይችላል።